ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ ብለኸኝ ነበር

አባዬ፣ ያለህበትን አላህ ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ።

ከተለየኸን ወዲህ ያለ አንተ ሁለት ረመዳን አፈጠርን። በመጀመሪያው እማዬ ሳታስበው ለአንተም ሾርባ ቀድታ ቦታህ ላይ አስቀመጠች። ወንድሜ ከድር ሳህኑን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበው። በሁለተኛው ግን አልቀዳችም። እኔን የከበደኝ ሁለተኛው ነው።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። የቀለም ሱቁን ከድር ይዞታል። ሱቁ ያለበት ሀይሌ ጋርመንት ያው እንደምታውቀው ነው፤ ግፊያውና የታክሲ ረዳቱ ጩኸት አልቀነሰም። ከድር ቀለም መቀላቀሉን ካንተ በደንብ ተምሯል፤ ደንበኛ ሲከራከረው ግን ቶሎ ይቆጣል። የድሮ ቀቢዎችህ አሁንም ይመጣሉ፤ የሚፈልጉትን ከወሰዱ በኋላ ትንሽ ቆመው ወንበርህን አይተው ይሄዳሉ። ለቡ ያለው ቤታችን ጸጥ ብሏል። ከመስጊድ ስትመለስ በር ላይ የምታሰማት ሳል የቤቱ ሰዓት እንደነበረች ያወቅነው ከቀረች በኋላ ነው።

እኔ እዚያው ሆስፒታል ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሜዲካል ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ሲደርሰኝ ነርስነት ፈልጌ ስለነበር አልቅሻለሁ። አንተ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ደስ አለህ። ጠይቀህ ከተረዳህ በኋላ ደግሞ ልጄ የሰው ውስጥ የሚያሳይ ማሽን ልትማር ነው እያልክ ለሰፈሩ ሁሉ አወራህ። ጨረር አለው ብለው ሲያስፈራሩህ ግን እንቅልፍ አጣህ። ዕድሜውን ከቀለምና ከቲነር ሽታ ጋር የኖረ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ወተት። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ወተት ሳልጠጣ ከቤት አታስወጣኝም ነበር። ማሽኑ ሲሠራ ከእርሳስ ግድግዳ ጀርባ እንደምቆም፣ ደረቴ ላይ የማንጠለጥላት ባጅም የሚደርስብኝን ጨረር እንደምትለካ ባስረዳህም መልስህ ያው ነበር፤ እሺ፣ ግን ጠጪው።

ሌላም ያልገባህ ነገር ነበር። የእኔ ሥራ ማንሳት ነው፤ ምስሉን አንብቦ ውጤቱን የሚናገረው ሐኪሙ ነው እልህ ነበር። ታዲያ አንቺ አታይውም ወይ ትለኛለህ። አያለሁ፣ ግን አልናገርም ስልህ ትስቅ ነበር። ምን ዓይነት ሥራ ነው እያልክ።

ከዚያ ወገብህን ያምህ ጀመር። የቀለም ባልዲ ማንሳት ያመጣው ነው አልክ፤ እኛም አመንንህ። እየከሳህ ስትሄድ ግን በግድ ሐኪም ዘንድ ወሰድንህ፤ ሐኪሙም ሲቲ ስካን አዘዘ። የዚያን ቀን አብራኝ የምትሠራው ገነት አንቺ ውጪ፣ እኔ ላንሳቸው ብላኝ ነበር። የቤተሰብ ሰው ሲመጣ እንደዚያ ነው የምንተጋገዘው። አንተ ግን እምቢ አልክ። ልጄ እያለች ሌላ ሰው አይነካኝም አልክ፤ ፊትህ ላይ ኩራት ነበር፤ ኩራትህን ላበላሸው አልፈለግኩም።

ጫማህን አወለቅኩልህ። ቀበቶህን ፈታሁልህ፤ ኪስህ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ተቀበልኩህ፤ እጆችህን ከራስህ በላይ ዘርግቼ አስተኛሁህ። ከመስታወቱ ጀርባ ገብቼ ትንፋሽህን እንድትይዝ በማይክራፎኑ ነገርኩህ። ያዝክ። በሕይወትህ ለማንም እንደዚያ ታዝዘህ የምታውቅ አይመስለኝም።

ምስሉ መምጣት ጀመረ። እኔ ሐኪም አይደለሁም አባዬ። ግን በየቀኑ ጉበትና አጥንት ሲያይ የኖረ ዓይን ጤነኛውን ጤነኛ ካልሆነው ይለያል። ጉበትህ ላይ መኖር የሌለባቸው ጥቋቁር ክቦች ነበሩ፤ የአከርካሪህ አጥንትም ተበልቷል። ገነት ትከሻዬን ያዘችኝ። አንተ ጣሪያ ጣሪያውን እያየህ ትጠብቃለህ። አሁን መተንፈስ ትችላለህ ማለት ነበረብኝ፤ አልኩህም።

ሸሚዝህን እየቆለፍክ “አየሽው?” አልከኝ።

“ዶክተሩ ያነበዋል” አልኩህ፤ ለሁሉም ሰው የምንለውን።

ፊቴን አየህ። ቀለም ስትቀላቅል ትክክለኛው መምጣቱን እንደምታይበት ዓይን አየኸኝ። ከዚያ ኮትህን ለበስክና “ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ ምንም እንዳትዪ” አልከኝ።

የሐኪሙም ቃል እኔ ካየሁት የተለየ አልነበረም፤ ካንሰር። አንተ ግን አልነገርካትም። የዲስክ መንሸራተት ነው አልካት። ዛሬ ይነግራታል፣ ነገ ይነግራታል እያልኩ ጠበቅኩ። እሷ በየምሽቱ ወገብህን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ታሽልሃለች፤ ለውጥ አለው እያለች ትደሰታለች፤ እኔ ክፍሌ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዱት ሲል ነው ያወቀችው። ያኔ ደግሞ አንተ ከመድኃኒቱ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ታንቀላፋ ነበር። ከሐዘን ልትጠብቃት አስበህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልትሰናበትህ የሚገባትን ጊዜ ነው የወሰድክባት። ተቆጥቼሃለሁ አባዬ። እወድሃለሁ፤ ተቆጥቼሃለሁም።

ለቀስተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ሲነሳ እማዬ ወደ ክፍሌ መጥታ ያኔ አይተሽው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ በመካከላችን የቀረው ምግብ ቀርቧል፣ በሩን ዝጊ፣ ታክሲ እንዳያመልጥሽ ብቻ ሆነ። ከአንድ ዓመት በላይ እንደዚያ ኖርን።

ሆስፒታልም ሲቲ ክፍሉ ውስጥ መቆም አቃተኝ። ተራ ራጅ ክፍል እንድዛወር ጠየቅኩ። እዚያ የሚመጣው በአብዛኛው የተሰበረ እጅ፣ የወለቀ ትከሻ ነው፤ ይድናል። የኤምአርአይ ሥልጠና ዕድል ደርሶኝ ነበር፤ ብትኖር እጄን ይዘህ ታስመዘግበኝ ነበር። አልሄድኩም። ለገነት ደረሳት፤ ጎበዝ ናት፤ ይገባታል።

በዚህ ክረምት እማዬን ሳል ጀመራት። ከታክሲ ወርዳ ቤት እስክትደርስ ሁለት ሦስት ቦታ ታርፋለች፤ እግሯም አበጠ። ሆስፒታል አልሄድም ብላ ብዙ አስቸገረች። ከድር ለምኖ ለምኖ አመጣት፤ የደረት ራጅ ታዘዘላት። ክፍሉን አዘጋጅቼ፣ ጋውኑን ይዤ በር ላይ ጠበቅኳት። አየችኝና “ሌላ ሰው ያንሳኝ” አለች። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ።

ገነት ተጠርታ መጣች። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ የበሩ ቀይ መብራት በራ። ስንቱን ቤተሰብ ውጪ አስቀምጬ ያንን መብራት አብርቻለሁ፤ ከታች ተቀምጬ ስጠብቀው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ራጅ ማለት የቅጽበት ሥራ ነው። እኔ ግን እናቴ እስከመቼም ይቅር እንደማትለኝ አስቤ፣ አልቅሼ፣ እንባዬን ጠርጌ ጨርሼ ነበር።

ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ሻርፗን ስታስተካክል ቆየች።

“አንቺ ቀድመሽ እንዳታይው ብዬ ነው” አለችኝ። “የአባትሽን ብቻሽን ተሸክመሽው ከረምሽ። የእኔን አብረን እንሰማለን።”

እጇን ይዤ ወደ ሐኪሙ ገባን፤ አብረን ሰማን። ልቧ ሰፍቷል፤ ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል። ክኒን ጀምራለች። ሐኪሙ ሕመሙ ይቀልላታል እንጂ ይድናል አላለንም። አንዳንድ ቀን ደህና ውላ ከጎረቤት ትጫወታለች፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ትራስ ደርድራ ተቀምጣ ነው የምታነጋው።

እናወራለን አሁን። ስለ አንተም። ያ ውሸታም ትልሃለች፤ ቃሉን ስትጠራው ግን እንደ ቁልምጫ ነው። ደህና ሁን ሳልለው ብላ ታለቅሳለች፤ አላባብላትም፤ አብሬያት አለቅሳለሁ።

አባዬ፣ ቁጣዬ አላለቀም፤ ናፍቆቴም አላለቀም። ይረሱኛል ብለህ ግን አትስጋ። እማዬ በየሶላቷ ማብቂያ እጇን ዘርግታ ስምህን ከነአባትህ ጠርታ ዱዓ ታደርግልሃለች፤ እኔ ከኋላዋ ሆኜ አሚን እላለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ትንፋሿ መሀል ላይ ይቆረጥባታል። በተቆረጠባት ጊዜ ከዚያው ተቀብዬ ስምህን የምጨርሰው እኔ ነኝ።

ልጅህ