ስፌቱ የማን ነው?

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አልዚራ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የአባባስ ሳል? የእሳተ ገሞራው አመድ ከጣሪያችሁ ላይ ተጠርጎ አለቀ? እኔ፣ ጃሲንቶና ልጆቹ ደህና ነን። ደህና ስልሽ ግን ጤናዬን ነው እንጂ ንዴቱስ እህል አላስቀምስ ብሎኛል።

እዚህ በሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡ ጎረምሶች እንዳሉ ጽፌልሽ ነበር። ባሕሩ በረዶ ነው። ድሮ የሱፍ ሹራብ ለብሰው ይገቡና ወዲያው ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይወጡ ነበር። ሬድፈርን የሚባለው ሳንቃ ሻጭ ስፖንጅ መሳይ ጎማ አምጥቶ በልካቸው እንድሰፋለት ለመነኝ። የመጀመሪያዎቹ መርፌው በበሳው ሁሉ ውሃ አስገቡ። ክረምቱን ሙሉ ለፋሁበት። በመጨረሻ ጠርዙን በማስቲሽ አጣብቄ፣ መርፌውን እስከ ጎማው ውፍረት ግማሽ ብቻ እያስገባሁ ሰፋሁት። ከጎረምሶቹ አንዱ፣ ዳቦ ጋጋሪው ዱዌይን ለብሶት ባሕር ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ወጣና፣ “ወይዘሮ ኢልዳ፣ እዚያ ውስጥ አላበኝ ብልሽ ታምኚያለሽ?” አለኝ።

ታዲያ ጋዜጣ ላይ ምን ወጣ? ሬድፈርን እኔ የሰፋሁትን ለብሶ፣ “ብርድን ያሸነፈው ሰው” ተብሎ። እኔስ? “አንዲት የሰፈር ሴት በስፌት ረድታዋለች።” ጣቶቼ በማስቲሽ የተላጡት እኔ፣ አንዲት ሴት ሆኜ ቀረሁ።

በመንፈስ ቅዱስ በዓል፣ እዚህም እንደ አገር ቤት ለሰው ሁሉ ሾርባው ሲታደል አገኘሁትና በሰው ፊት ጠየቅሁት። አላፈረም። “እግሯን ውሃ ነክቶት የማያውቅ ሴት የሠራችውን የባሕር ልብስ ማን ይገዛል?” አለኝ። ሰዉም ሳቀ። ጃሲንቶ በዓል ነው ተይው ብሎ ቢይዘኝ እጄን መንጭቄ ሄድኩ።

በማግሥቱ በራሴ ልክ ሰፍቼ ለበስኩና ከሬድፈርን ሱቅ ፊት ለፊት ባሕር ገባሁ። ዋና እንደማልችል ታውቂያለሽ። ዱዌይን ክንዴን ይዞኝ እስከ አንገቴ ገባሁ። ማዕበሉ ሁለቴ ገልብጦ ጨው አጠጣኝ። ፈራሁ እንጂ አልበረደኝም። ሬድፈርን ሮጦ መጥቶ “ውጪ፣ ትሞቻለሽ!” ይለኛል። “ስፌቱ የማን ነው?” አልኩት። “መጀመሪያ ውጪ!” አለ። ደግሜ ጠየቅሁት። “ያንቺ ነው፣ በቃ ያንቺ ነው” አለ፤ ዳር የቆመው ሁሉ ሰማ።

ጋዜጣው ግን እስካሁን አላረመም፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ የለም። ለሬድፈርንም መስፋቴን ተውኩ። በሌላ ሰው ቢያሰፋ ባሕር ውስጥ እየተተረተረ አስቸገረው። አሁን ጎረምሶቹ ቤቴ ይመጣሉ፤ ከአንገቱ በስተውስጥ ስሜን በቀይ ክር እጽፍበታለሁ። ትናንት ደግሞ ራሱ ሬድፈርን ለራሱ እንድሰፋለት መጣ። ለአንተ ስሜ ደረትህ ላይ ካልሆነ አልሰፋም አልኩት። እያጉረመረመ ቆሞ ተለካ።

አባባን እጃቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ቪርጂሊዮን፣ አማትሽንም እንደ ናፍቆቴ ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ኤርሜሊንዳን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጃሲንቶም ሁላችሁንም ሰላም ይላል።

እህትሽ ኢልዳ
ሃፍ ሙን ቤይ፣ ካሊፎርኒያ
ጁላይ 8 ቀን 1958