የግራው ጠርዝ

ሐሙስ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ

ለእሜቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችንስ እንዴት ናት? ሐኪሙ አሁንም «ከአልጋ እንዳትወርጂ» እንዳላት ነው? አማችንስ ዛሬም ሾርባ ሊያሞቅ ገብቶ ድስት ያሳርራል? ብዙ አትቆጪው። እኔም ስታገቢኝ እንደሱ ነበርኩ፤ ሰው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ዛሬ እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ማስረጃዬን ላቅርብ። ማስረጃው ከደብዳቤው ጋር በጥቅል መጥቶልሻል። ፍቺው እስክልሽ ድረስ እንዳትፈቺው። አውቅሻለሁ፣ ይሄን ስታነቢ ግማሹን ፈትተሽዋል። እባክሽ መልሰሽ እሰሪው፣ ከዚያ ቁጭ በይ።

አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ፣ ጠዋት ሻይ ልጠጣ ብዬ ኩባያውን በግራ እጄ ላነሳ ስል እጄ አልታዘዝህም አለኝ። ኩባያው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ስብርባሪውን ልለቅም ጎንበስ ስል እግሬም ከዳኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ድምፁን ሰምታ መጣችና አፌ ወደ አንድ ወገን መጣመሙን አየች። ምንም ሳትጠይቅ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። «ስትሮክ ነው፤ ደግነቱ ቀላሉ ነው፣ ቶሎም ደርሰዋል» አሉኝ። አፌ በማግስቱ ተመለሰ፤ ልብስ ሰፊዋ «ምን አለ ጥቂት ቀን ቢቆይ፣ ጎረቤቱ ያርፍ ነበር» አለች። እግሬም ተመለሰ። ግራ እጄ ግን አኮረፈ።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም ትያለሽ። ብነግርሽ በመጀመሪያው አውቶቡስ ትመጪ ነበራ። የፊተኛው ፅንስ ልጃችንን እንዴት እንደጨነገፈባት እኔም አንቺም አንረሳውም። አሁን እናቷ ካጠገቧ ከራቀች በጭንቀት ብቻ ትታመማለች። ሁለታችንም አንቺን እንፈልጋለን፣ አንቺ ግን አንድ ነሽ። ስለዚህ ለእሷ ለቀቅኩሽ። ልብስ ሰፊዋንም እንዳትነግርሽ አስማልኳት። ሆዷ ምስጢር የማይቋጥር ሴት እስካሁን መቻሏ ተአምር ነው፤ ስትመጪ አመስግኛት እንጂ እንዳታኮርፊያት።

እጄን የምታሠራልኝ ባለሙያ ከልጃችን የምታንስ ልጅ ናት። «አባባ፣ ይሄን እጅ ሥራ ያስይዙት። ሁለቱንም እጅ እኩል የሚፈልግ ሥራ ይፈልጉ» አለችኝ። ቤት ስገባ ያ የጠረጴዛ መሸመኛሽ መስኮቱ ሥር እንዳለ አለ። ድሩ ተወጥሯል፣ ቢጫውና ግራጫው ክር በየመወርወሪያቸው ተጠቅልለዋል። ስንዝር ያህል ሠርተሽ፣ ልጃችን ስትደውል ጥለሽው የሄድሽው የሕፃኑ መጠቅለያ ነው።

«ይሄ ምኑ ያቅታል?» አልኩ። ዕድሜ ልኬን አስፋልት ላይ ነጭ መስመር ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ። «መስመሩ» የሚለው ቅጽል ስም እንዲያው አልወጣልኝም። በዚህ ከተማ ያለ ሹፌር ሁሉ እኔ ባሰመርኩለት ነው የሚነዳው። ታዲያ ሁለት ክር ምን ሊያደርገኝ?

ጉድ አደረገኝ። የቀኙ ጠርዝ ደህና ነበር። በግራ በኩል ግን እጄ መወርወሪያውን ይቀበላል እንጂ ማጉን ምን ያህል እንደሚስበው አይሰማውም። አንዴ አንቆ ይይዘውና ድሩን ሁሉ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ አንዴ ደግሞ ይለቀውና ክሩ ዳር ላይ እንደ ጆሮ ይንጠለጠላል። ልብስ ሰፊዋ መጣችና አንገቷን አዘንብላ አየችው።

«ጋሽ መስመሩ፣ ይሄ መጠቅለያ ነው ቀሚስ? ወገብ አወጡለት እኮ።»

«አትሳቂ፣ አሳዪኝ።»

«አይጎትቱታ። ማጉን ሰያፍ አድርገው ያስተኙትና በዚህ ማበጠሪያ መሳይ እንጨት ቀስ ብለው ይግፉት። የሚበቃውን ክር ራሱ ይወስዳል።»

ይሄን እንደምንም ለመድኩት። ከዚያ የሁለቱ ቀለም ጣጣ መጣ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለኔ ግን አዲስ ነው። ቢጫው ሠርቶ ሲያበቃ ዳር ላይ ያርፋል፣ ግራጫው ተራውን ይይዛል። ግራጫው ሲነሳ ታዲያ ያረፈውን ቢጫ ዞሮ አቅፎ ካላለፈ የዳሩ ድር ሳይያዝ ይቀርና ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። እኔ ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ስፌት ይዛ እዚህ መቀመጥ ጀምራለች፤ ከመርፌዋ ቀና ሳትል ታውቀዋለች።

«ጋሽ መስመሩ፣ ያንን ያረፈውን ጣሉት እኮ። ይዘውት ይለፉ እንጂ።»

አንድ ቀን እንዲህ ስትለኝ አለቀስኩ። ክሩ ያስለቀሰኝ መስሏት ደነገጠችና «ይተዉት፣ እኔ እፈታዋለሁ» አለች። እኔን ያስለቀሰኝ ናፍቆትሽ ነው። ቤቱ ሰፍቶብኛል። ሁለት ሰው የለመደ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ የማን ቤት እንደገባሁ ግራ ይገባኛል።

ብቻ ሥራውን አልተውኩም። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ክሩ በግራ ጣቶቼ መሃል ሲያልፍ ቆም አልኩ።

«ምን ሆኑ?» አለች።

«ክሩ ሻካራ ነው።»

«ታዲያ ድሮም ሻካራ ነው።»

«እኔን አልነገረኝማ።»

ያን ጊዜ ነው የገባት። ስፌቷን አስቀምጣ ሌላ ክር በግራ ጣቶቼ መሃል አሳለፈች።

ከዚያ ወዲህ እጄ በየቀኑ እየሰማ መጣ። ያንን የተበላሸውን መሃል ፈትቼ እንደገና ልሠራው አስቤ ነበር፤ ሰው ቢያየው ያሳፍረኛል። ኋላ ግን ተውኩት። አንቺ «ደህና ነኝ» ብዬ ብምልልሽም አታምኚኝም። የጨርቅ ጠርዝ ግን ታምኛለሽ፤ ገበያ ላይ ስንቱን ነጋዴ ጠርዙን ገልጠሽ አሳፍረሽዋል።

እንግዲህ አሁን ጥቅሉን ፍቺው። መጀመሪያ ያለው ስንዝር ያንቺ ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሕመሜ ነው፤ ወገቡንም ጆሮዎቹንም ቀዳዳዎቹንም እይ፣ ግን አትደንግጪ፣ ጠርዙን በእጅሽ እየዳበስሽ ውረጂ። የግራው ጠርዝ እየተቃና ሲሄድ ታገኚዋለሽ። ያንቺን መጀመሪያና የኔን መጨረሻ ጎን ለጎን እንዲሆኑ አድርጌ አጥፌልሻለሁ። መለየት ካቃተሽ ድኛለሁ ማለት ነውና ልጃችን እስክትገላገል ካጠገቧ እንዳትነቃነቂ። ከለየሽው ግን ነይ።

ለልጃችን በጎ በጎውን ብቻ ንገሪያት። አባትሽ ወገብ ያለው መጠቅለያ ሠራልሽ በያት፣ ትስቃለች፤ መሳቅ አልተከለከለችም መቼም። እግዜር በሰላም ያገላግላት፣ ሁለት ነፍስ አድርጎ ያሳየን፣ አንቺንም የልጅ ልጅ አሳቅፎ ይመልስልኝ። አማችንን ድስቱን እሱ ይጠበው በይው።

እኔ ደህና ነኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ያንቺው መስመሩ

የረሳሁት፦ መጨረሻው አጠገብ በግራ በኩል፣ ግራጫው ያረፈውን ቢጫ ሳያቅፍ ያለፈበት አንድ ቦታ ታገኛለሽ። ልብስ ሰፊዋ አይታው ልትፈታው ብትነሳ ከለከልኳት። እጄን እንዳትወቅሺው፤ እሱ ናፍቆቴ ያዘዘውን ነው ያደረገው።