አንዴ የሚገቡበት በር

«ኮሌጁ ምን አደረገህ? ስድብህን ተው» ትይኛለሽ በደብዳቤሽ ደግሞ! ምን ያላደረገኝ አለ? ቆይ ቨርና፣ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ጤናሽ እንዴት ነው? የአላስካ ብርድ ጣትሽን አልቆረጠመውም? ባልሽ ኤርልስ? ሕፃኗስ? እኔ እንደ በሬ ነኝ፤ የዚህን ኮሌጅ ሣር ከእኔ በላይ የሚያጭድ አልተወለደም።

አንቺ ከሄድሽም ወዲህ ያው ናቸው። ስድስት መቶ የማይሞሉ ልጆች፣ አስራ ሁለት አስራ ሁለት ሆነው ክብ ሠርተው ያወራሉ። ጠዋት ስለ ከዋክብት፣ ከሰዓት ስለ ሞተ ግሪክ። ቧንቧ የሚጠግን ግን አንድ የለም! አራት ዓመት እዚያው ማደር ደግሞ ግዴታ ነው፣ ቤትሽ አጥሩ ሥር ቢሆንም። ትንሿን እህታችንን ኦፓልን ከቤታችን አንድ ማይል ወስደው አስተኟት። እሺ አልኩ።

ያን የኮሌጁን በር ታውቂዋለሽ። ተማሪ መጀመሪያ ቀን ይገባበታል፣ ሲመረቅ ይወጣበታል፤ በመሃል የወጣበት አይመረቅም ይላሉ። እኔ ከማጨጃዬ ጋር በቀን አሥር ጊዜ እመላለስበታለሁ፤ ለዚህ ይሆናል ያልተመረቅኩት!

ባለፈው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ አባዬን ሳሉ አፈነው። ለኦፓል ደወልኩላት፣ እኔው ነኝ የደወልኩት። በአጭሩ መንገድ፣ በዚያ በር በረረች። አባዬ አሁን ደህና ነው፣ ሾርባው አልጣፈጠኝም እያለ ይሳደባል። እሷ ስትመለስ ግን ልጆቹ «ውይ ኦፓል፣ አለቀልሽ!» ብለው ሳቁባት። አንዱማ «የዚህ ከተማ ልጅ ድሮም ኮሌጅ ውስጥ አይበረክትም» አላት። ሻንጣዋን ይዛ ቤት መጣች። «ቀድሞም ቦታዬ አልነበረም» ብላ ክፍሏን ዘጋች።

በነጋታው የብረት መዝጊያውን ከነማጠፊያው ነቅዬ መኪናዬ ላይ ጫንኩት። አለቃዬ ክራውስ «ሮይስ፣ አብደሃል?» ሲለኝ «ዝጓል፣ ለጥገና ነው» አልኩት። በሩ ከሌለ ማን ወጣበት ይባላል? እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመለስክ ትባረራለህ አለኝ። ያባርረኝ!

ለኦፓል ስነግራት «አንተ ትምህርት የሚባል ነገር ትጠላለህ፣ ምን አገባህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እጠላለሁ። እነሱንም እጠላለሁ። ግን በእነሱ ሳቅ አትወጣም! ወሩ እስኪያልቅ ካልተመለሰች እሷንም ይሰርዟታል። የምትሰማው አንቺን ብቻ ነው፣ እናንተ ዘንድ ደግሞ ስልክ የለ።

ኤርልን ሰላም በይልኝ፣ የሕፃኗን ጉንጭ ሳሚልኝ። አባዬ «ዓሣ ላኪ» ብሏል።

አልደን ፎልስ፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 14 ቀን 1987

በሩ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ደብዳቤሽ እስኪመጣ አልመልሰውም። ለእኔ አይደለም፣ ለኦፓል ጻፊላት። ዛሬውኑ!