የሟች መታወቂያ

ለልጅነት ባሌ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ማኅሌት ቆመህ ስታድር ጉልበትህን ያምህ ነበር፤ የጣሊያን ሐኪም አሻለህ? እኔ መሞቴን ከሰማሁ ወዲህ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ገብሱ ከውርጭ ተርፏል፣ በጎቹም ወልደዋል። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ስልህ የኖርኩት የጨበጥከውን መስቀል አክብሬ ነው። ዛሬ «አንተ» ብልህ አትቀየም፤ ሙት ይሉኝታ የለበትም።

ነገሩን የነገረኝ ወንድምህ ወዳጆ ነው። ከቀየት ገበያ ሲመለስ ጎራ ብሎ ደጃፌ ላይ ቆመና በዱላው መሬቱን ሲቆረቁር ቆየ። ግባ ብለው አይገባ፣ ቅመስ ብለው አይቀምስ። ኋላ እንደምንም አወጣው። የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያህን ልታሳድስ ብትሄድ፣ እዚያ ጣሊያን ያለችውን ሴት ስታገባ «የሀገር ቤቷ ሚስቴ ሞታለች» ብለህ ላስመዘገብከው ማስረጃ አምጣ አሉህ። ማስረጃ ካላመጣህ መታወቂያ የለም፤ ውጣልን ነው። አንተም ለወንድምህ ደወልክ።

ወዳጆ ቀበሌ ሄዶ ጠይቆልሃል። ከደብሩ የቀብር ማስረጃ ይምጣ፣ የሟቿም መታወቂያ ተመላሽ ይሁን ብለውታል። ስለዚህ የመጣው መታወቂያዬን ሊወስድ ነው። ያንተ እንዲታደስ የእኔ ይመለስ! መሬቴን የማስከብረው፣ ማዳበሪያ የምወስደው በዚያች ካርድ መሆኑን ረስተኸዋል ማለት ነው። ወይም አልረሳኸውም፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

ወዳጆ ፎቶግራፍህን አሳየኝ። ጥምጥምህ ነጭ፣ ካባህ ወርቀ ዘቦ፣ ፊትህም ሞልቷል። የጣሊያኗን ሴት ቤተ ክርስቲያን ይዘሃት አትሄድም አሉ። ለምእመናኑ፣ በቁርባን ያገባኋት ሚስቴ መንዝ ሆና ትጠብቀኛለች ትላቸዋለህ፤ ሁለተኛ ያገባ ቄስ መቅደስ እንደማይገባ ታውቃለህና። ስትቀድስ ሕያው ነኝ፣ መታወቂያ ልታሳድስ ስትሰለፍ ሬሳ ነኝ። እንዲህ ትንሽ ሰው መሆንህን ሳላውቅ እግርህን ሳጥብ ኖርኩ።

ወዳጆን ይዤው የንስሐ አባታችን አባ ይሥሐቅ ዘንድ ሄድኩ። የቀብር ማስረጃዬን ራሱ ይጠይቅልህ ብዬ ነው። አባ አልተቆጡም። እየተንተባተበ እስኪጨርስ ሰሙትና፣ «ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ይመነኩሳል» አሉት። «ሞታለች ካለ ቆቡን ይድፋ፤ በሕይወት አለች ካለ ወደ ሚስቱ ይምጣ። እኔ ፊቴ የቆመችን ሴት አልቀብርም።» ወዳጆ መሬት መሬት እያየ ወጣ። መንገድ ላይ ይቅር በይኝ አለኝ። ከእናንተ ቤት ሰው ሆኖ የወጣ እሱ ብቻ ነው።

መታወቂያዬን አልሰጥህም። በምትኩ በዚህ ጥቅል ውስጥ ቆብ ልኬልሃለሁ። ለራሴ ያሰፋሁት ነበር። ካልመጣህ ገዳም እገባለሁ ብዬ ሣጥን ውስጥ አኑሬው፣ አንዳንድ ቀን እያወጣሁ አለቅስበት ነበር። ሞኝነቴ አሁን ያናድደኛል። ቡራኬ አላገኘም፣ እዚያው አስባርከው። ለራስህ ጠበብ ቢልም ታስለምደዋለህ፤ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው የሚገባው እሱ ነው። እኔን ግን ቀብረኸኛል፣ የቁርባን ቃሌም አብሮኝ ተቀብሯል።

ወዳጆ ሲሰናበተኝ የተወቀጠውን ጌሾና የተሰጣውን ብቅል አየ። ከፋሲካ በኋላ የማን ተዝካር ነው ብሎ ጠየቀኝ። ተዝካር አይደለም፣ ሠርግ ነው አልኩት። የማን እንደሆነ ገባው መሰለኝ፣ ዱላውን አንስቶ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎኝ ሄደ።

እግዚአብሔር እንደ ሥራህ ሳይሆን እንደ ቸርነቱ ይይህ። ለዚያችም ሴት ጤና ይስጣት፤ የሚመጣባትን አታውቅም።

ሟች ሚስትህ