የዓሣ ቢላ የተሰካበት አፎት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለዴልበርት፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ጆሊንስ? ትንሿ ልጃችሁ ቴስስ ጉንፋኑ ለቀቃት? የአላስካ ብርድ እጅህን እንዴት አድርጎታል? እማማ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ተሽሏታል። እኔም ጤነኛ ነኝ፤ ግን ቁጣዬ ሳይበርድ ነው የምጽፍልህና ተቀምጠህ አንብበው።

የላክኸው ፎቶ ማክሰኞ ደረሰን። የዓሣ ማጥመጃው ጀልባ ላይ ቆመህ ትስቃለህ። እማማ መወፈርህን አየች፤ እኔ ያየሁት ቀበቶህን ነው። የአያታችን የኦርቪል የጦር ጩቤ አፎት ወገብህ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቢጫ የፕላስቲክ እጀታ ያለው የዓሣ ቢላ ተሰክቶበታል። ከጦርነቱ ያልተመለሱ አምስት ጓደኞቹን ስም በሚስማር የጫረበት ቆዳ እኮ ነው! እሱን ፍለጋ ዓመት ሙሉ ቤቱን ስናምስ ከረምን። እማማ አይጥ በልቶት ይሆናል ብላ አለቀሰች። አንተ በስልክ «ፈልጉት፣ የት ይሄዳል» ስትለን ታጥቀኸው ነበር።

ያደረስክብኝን ልንገርህ። በሰኔ የጩቤ ሰብሳቢዎች ኤግዚቢሽን ላይ የአያታችንን ጩቤ ይዤ ቀረብኩ። የከተማችን ሙዚየም ኃላፊ ወይዘሮ ሃስኬል ጩቤው ከነአፎቱ ከተሟላ በመስከረም ለእይታ እንደምታቀርበው፣ መግለጫውን እኔ እንድጽፍና በዚያው እንድቀጠር ነግራኝ ነበር። ከተመረቅሁ ወዲህ የመጣልኝ ሥራ ይኸው ብቻ ነው። አጎታችን ቨርጂል ከራሱ ስብስብ ተመሳሳይ አፎት አውጥቶ «ማን ያውቅብሻል፣ ዝም ብለሽ ክተቺው» አለኝ። ከተትኩት። የኤግዚቢሽኑ ዳኛ ሽማግሌው ሆሊስ ጩቤውና አፎቱ ከመጀመሪያውም አብረው ናቸው ወይ ሲለኝ አዎ አልኩ፤ ዋሸሁ።

ሆሊስ ጩቤውን መዝዞ የአፎቱን አፍ በባትሪ አየ። ቆዳ ዘመኑን ሁሉ የተሸከመውን ብረት ቅርጽ ይይዛል፤ እዚያ የታተመው የሌላ ጩቤ ነው። «ልጄ፣ ይሄን ሰውዬ የጎረቤት አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘሁት» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እዚያው የነበረችው ወይዘሮ ሃስኬል ግን አልሳቀችም። ለውሸቴ ራሴን ነው የምወቅሰው፤ ያንን ባንተ አላሳብብም። አፎቱን ግን አንተ ነህ የወሰድከው።

ወይዘሮ ሃስኬል ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ትጠብቀኛለች። ስለዚህ ያንን የዓሣ ቢላ ዛሬውኑ አውጣ። አፎቱን እንዳታጥበው፣ ዘይትም እንዳትቀባው፤ የዓሣው ደምም ቢሆን እንዳለ ይምጣ። በወረቀት ጠቅልለህ ላከው።

አያታችን ጩቤውን አፎቱ ውስጥ አያሳድርም ነበር፤ ቆዳው ብረቱን ይበላዋል ይል ነበር። ለየብቻ፣ ግን በአንድ መሳቢያ፣ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው ነበር። ርቀህ መሄድህን አልጠላሁም፣ ዴልበርት። ከመሳቢያው ግማሹን ባዶ አድርገህ መሄድህን ነው የጠላሁት።

ጆሊንን ሰላም በልልኝ፤ እሷ አታውቅም ነበርና አልተቀየምኳትም። ቴስን ሳምልኝ። እማማና አጎታችን ቨርጂል ሰላም ብለውሃል። እኔም ሰላም ብዬሃለሁ፤ የቀረውን አፎቱ ሲደርሰኝ እጨምርልሃለሁ።

እህትህ ማርላ
ኮልፋክስ ክሪክ፣ ኬንታኪ
ሐምሌ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.