ቆሮሶ ነው ያልኩሽ ዓሣ

ይድረስ ለእናቴ፣

እማዬ፣ ጉልበትሽን እየሳምኩ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ? እኔ እዚህ ሰርቦ ዓሣዬን እየሸጥኩ፣ ከነሽታዬ ደህና ነኝ። (የወንድሜ ልጅ ጽዮናዊት፣ ይሄን ለአያትሽ ስታነቢላት በሩን ዝጊ፤ አባትሽ እንዳይሰማ።)

ዝናቡ አለፈ፣ የግድቡ ውሃ ጠራ፣ ዓሣው እንዴት ያለ መሰለሽ! መተንፈሻ ስንጥቡ ደም የመሰለ፣ ዓይኑ የሚያይሽ የሚመስል። ባለ ቅርፊቱ ቆሮሶ ዘንድሮ ሥጋው ጠንከር ብሏል፤ ጠብሰሽ ሎሚ ጠብ ብታደርጊበት ይበቃዋል። አስጋሪው ኩመራ «አዴ፣ ጾሙ ገባ፤ ክርስቲያኑ ሁሉ ዛሬ ያንቺ ዘመድ ነው» እያለ ይስቅብኛል። እኔም ስስቅ እውላለሁ። ምን ላድርግ፣ ካልሳቅኩ አለቅሳለሁ።

ጽዮናዊት ደውላ ነገረችኝ። ከውሃ በቀር ምንም ሳትውጪ ዘጠኝ ቀንሽ ነው አለችኝ። «የአምናውን ቆሮሶ ብታመጣልኝ እበላ ነበር» ብለሻል። ሦስት ጊዜ ላክሁ፣ ከመረቡ ምርጡን። ሦስቱንም ቀምሰሽ «ይሄ አይደለም» አልሽ። እማዬ፣ እንዳትሞቺብኝ!

አዎ፣ አይደለም። አምና በነቢያት ጾም ሐኪሙ ካልበላች አትነሳም ሲለን፣ አንቺ ሥጋ አልነካም ብለሽ ስትምዪ፣ ያን ቀን ኩመራ ይዞ የወጣው አምባዛ ብቻ ነበር። ቅርፊት የሌለው፣ ባለ ጢሙ፣ አንቺ እርም ያልሽው። ጎረቤቴ ሰሊማ «ወላሂ እኛ የምንበላው ነው፣ ሰው ይገድላል እንዴ?» ብላ ባታደፋፍረኝ ቢላ አላነሣም ነበር። ጭንቅላቱን ጣልኩ፣ ቆዳውን ገፈፍኩ፣ ጭቃ ጭቃ እንዳይልሽ በሎሚና በጨው ሦስቴ አጠብኩ፣ በነጭ ሽንኩርት አልጫ ሠራሁት። ቆሮሶ ነው አልኩሽ። ጣትሽን ላስሽ። በሳምንቱ ተነሣሽ። ለነፍስ አባቴ እንኳ እስከ ዛሬ አልነገርኩም።

አሁን ያንኑ ዓሣ፣ ያንኑ አልጫ ሠርቼ፣ ጅማ በሚመላለሰው በሾፌሩ በሪያድ ሚኒባስ ልኬልሻለሁ። ከእንግዲህ አልዋሽሽም፤ አምባዛ ነው። ብትበዪ ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ብትተዪው… እሱን አልጽፈውም።

አንድ ነገር ግን። የጣና ዳር ልጅ ነሽ፤ ዓሣ እየበለትሽ ነው ያደግሽ። ቆሮሶ እሾሃም መሆኑንም ካንቺ ነው የተማርኩት። አምና ለጠያቂዎችሽ «ልጄ አንድ እሾህ ሳታስቀር ለቅማልኝ» ብለሽ መረቅሽኝ። እማዬ፣ አምባዛ የሚለቀም እሾህ የለውም፤ እኔ የለቀምኩት አንድም አልነበረም። ያኔ እጄን ጨበጥ አደረግሽው እንጂ ዓይኔን አላየሽም።

የነቢያት አምላክ ለገና በደህና ያድርስሽ፣ ዕድሜ ጨምሮ ለልጅ ልጆችሽ ያኑርሽ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም እያልሽ ነው ያሳደግሽን፤ የኔን ሳህን ግን እባክሽ ባዶውን መልሺልኝ።

የበኩር ልጅሽ