ሎሚ የነካው ሳክስፎን

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። መሳለሚያ ያለችው የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ሱቅህ እንዳለች ናት፤ የበሯን የተጣመመ ቁልፍ ብቻ ቀይሬዋለሁ። ስትቆጣ ይታየኛል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሱቋ አይደለም። ታናሼን ራሄልን ትናንት ዳርናት።

በታመምክ ጊዜ፣ ሠርግሽ ላይ እኔ ባልኖር እንኳ ሳክስፎኔ ይኖራል ብለሃት ነበር። እሷም የአባዬ ሳክስፎን ካልተነፋ ከቤት አልወጣም ብላ ድርቅ አለች። የባንድ ጓደኛህ ጋሼ ንጉሤ እነፋዋለሁ አሉ። ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር፤ ጎረቤታችን እትዬ ወሰነች ሊያግዙን እስኪመጡ ድረስ።

ታውቃቸው የለ፣ እጃቸው ሥራ ሳይዝ መቀመጥ አይችሉም። ዓርብ ዕለት ሳክስፎንህን ከሣጥኑ አውጥተው፣ ለሙሽራዋ ያብረቅርቅ ብለው ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፉት። እንደ ናስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ፈትገው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው! እሳቸው ምስጋና ይጠብቃሉ፣ እኔ ሳክስፎኑን ከፀሐይ ላይ አነሳሁት።

ይሄ ናስ የለበሰ ዋሽንት ነው፣ ድምፁ የሚወለደው ከሸምበቆዋ ምላስ ነው ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከላይ ጠቦ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄደው ቱቦ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ክዳን አለው፣ ክዳኑ ሥር ደግሞ ስስ ቆዳ። ከላይ አንዱ ካፈሰሰ የታቹ ሁሉ ይታፈናል። ያ ሁሉ ቆዳ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነበር። ብነፋው እንደ ታመመ በግ ሳለ።

ቅዳሜን ሱቅህ ውስጥ ዋልኩ። ክዳኖቹን በካቻቪቴ ፈታሁ፤ መሳቢያህ ውስጥ የነበረውን ቆዳ እየቆረጥኩ በሙጫ ለጠፍኩ። እንዳሳየኸኝ በሩን ዘግቼ አምፖል ወደ ቱቦው ከተትኩ፤ ብርሃን ያሾለከ አየርም ያሾልካል። ራሄል ትደውላለች፣ ደርሷል እላታለሁ። መጨረሻ ላይ ከሰፊው አፉ አጠገብ ያለው ትልቁ ክዳን ቀረ። እሱ ካልገጠመ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ዘፈን ስትዘጋ የምትወደው፣ አይወጣም። ቆዳው አለቀብኝ። ምናለሽ ተራን ዞርኩት፤ ያገኘሁት ሁሉ ወፍራም ነው።

ባዶ እጄን ቤት ገባሁ። እማዬ ፊቴን አየችው። ካረፍክ ወዲህ ማንንም የማታስነካውን የቆዳ ጃኬትህን ከቁም ሣጥን አወጣች፤ መቀስ ደርባ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ክርኑ አጠገብ ሳስቷል፣ ከዚያ ቁረጪ ብላኝ ፊቷን አዞረች። ቆረጥኩት፤ እያለቀስኩ ነው የቆረጥኩት። ሌሊቱን ትልቁ ክዳን ሥር ለጠፍኩት።

ትናንት ጋሼ ንጉሤ መንፋት ሲጀምሩ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ዜማው ወርዶ ወርዶ እዚያች ድምፅ ጋ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወጣ፣ አባዬ! ሞልቶ ወጣ። ራሄል ከነቬሏ ብድግ አለች። ከሁሉ በላይ እልል ያሉት እትዬ ወሰነች ናቸው፤ አያችሁ ሲያበራ ይላሉ እስካሁን።

ሳክስፎኑን ከእሳቸው ቆልፌበታለሁ። ጃኬትህን እማዬ ቦታው መልሳ ሰቅላዋለች፤ እጅጌው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ልጣፍበት ብላት እምቢ አለች። የጎደለው የት እንዳለ አውቃለሁ አለችኝ። እኔም አልረሳውም፣ አባዬ።

ልጅህ ትርሲት